ነጩ መቀርቀሪያ

ሰቆጣ አስተማሪ ሆኜ የተመደብሁት በ1959 ዓ.ም. ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ስለሆነ፣ ከቆረም ወዲያ ያለውን አገር በስሙ እንጂ በመልኩ አላውቀውም ነበር። ከጭነት መኪናው ላይ ስወርድ አቧራው ጥርሴ ድረስ ገብቶብኛል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሻንጣዬን ተሸክሞ፣ «ደህና ሰው ዘንድ ነው የማደርስዎ፣ መምህርት ይታየሽ» እያለ ወደ ላይኛው ሰፈር ወሰደኝና የወይዘሮ አልጣሽን የግቢ በር አንኳኳ። ሰቆጣን እስክለቅ ድረስ ከዚያ ግቢ አልወጣሁም።

እትዬ አልጣሽ የምላት እሷን፣ ጋሽ በሪሁን የምለው ባሏን ነው። ፊት ለፊት ስናወራ ሁለቱንም «እርስዎ» ነበር የምላቸው። አሁን ስተርከው ግን እሷና እሱ እያልሁ ነው፤ ከእናቴና ካባቴ ለይቼ አላያቸውምና ብልግና አታድርጉብኝ።

እትዬ አልጣሽ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ከጎረቤት ጋር በኽምጥኛ፣ ከኔ ጋር ባማርኛ ትጫወታለች። ከባሏ ጋር ግን በሁለቱም አትጫወትም ማለት ይቻላል። «ምሳ ቀርቧል፣ ይምጡ።» «ውሃው ሞቋል፣ ይታጠቡ።» ከዚህ የዘለለ ነገር ስትለው እምብዛም አልሰማሁም። ባሏን አንቱ ማለቷ አልገረመኝም፤ ባገሬም ባላቸውን አንቱ የሚሉ ሴቶች አሉ። ነገሩን የገለጠችልኝ ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ ናት፤ አንድ ቀን ከደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል።

«ያንን አንቱታ አክብሮት እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ድሮ አንተ ነበር የምትለው። ከአሥመራ ከተመለሰ ወዲህ ነው አንቱ ያደረገችው። እንግዳ ነዋ! እንግዳ ደግሞ አንቱ ነው የሚባል።»

ታሪካቸውን የሰማሁትም ከሷው ነው። ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የበኵር ልጃቸው በኩፍኝ ሞተባቸው። ጋሽ በሪሁን ያን ጊዜ ገና ጎልማሳ ነው፤ ኀዘኑ መቀመጫ አሳጣው። «ለአንድ በጋ ሠርቼ ልመለስ» ብሎ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተነሣና አሥመራ ገባ። አንዱ በጋ ሃያ ሆነ። መኖሩ ይሰማል፤ አንዳንዴ በነጋዴ እጅ ጣቃ አቡጀዲ፣ አንዳንዴ ጃንጥላ ይልካል። እሷ አቡጀዲውን ለድኻ፣ ጃንጥላውን ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። መሬቷን በእኩል እያሳረሰች፣ ንቧን እያረባች ኖረች። በ1957 ኅዳር ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ከነብረት ሳጥኑ መጥቶ ከደጇ ቆመ። እግሩን አጠበችው፤ አበላችው፤ ከዚያ ደጅ ካለው ክፍል መኝታ አነጠፈችለት። ምን ሆነህ ቀረህ ብላ አልጠየቀችውም። እሱም አልተናገረም። እኔ ስደርስ ያ ዝምታ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እንደ ቤት ዕቃ ለምደውታል።

ከብረት ሳጥኑ ውስጥ የወጣው ሥራው ነበር። አሥመራ በአንድ ጣልያናዊ ወርክሾፕ ብረትን ዚንክ ማልበስ ተምሯል። ከግቢው ጥግ፣ ከንብ ቀፎዎቹ ራቅ ብሎ ዳስ ጥሏል። የመጣለትን ብረት ዝገቱን በአሸዋ ይፍቃል፤ በአመድ አጥቦ ቅባቱን ያለቅቃል፤ ከዚያ ኮምጣጤና የእንግሊዝ ጨው ከተበጠበጠበት ገንቦ ይነክረዋል። አጠገቡ ሾፌሩ ምንዋጋው ከቆረም አስሞልቶ የሚያመጣለት የመኪና ባትሪ ተቀምጧል፤ አንዱ ሽቦ ከብረቱ፣ ሌላው ከዚንኩ ይታሰራል። ዚንኩን የሚያገኘው ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ነበር። የሰቆጣ ሰው የእጅ ባትሪው ድንጋይ ሲያልቅበት አይጥልም፤ ለጋሽ በሪሁን ያመጣለታል። እሱ የውጭ ልባሱን ይልጣል፣ የውስጡን ጥላሸት ያራግፋል፣ ቆርቆሮውን አጥቦ ከገንቦው ያንጠለጥለዋል። ብረቱ ቀስ እያለ ግራጫ ይለብሳል።

«ይህ ሸሚዙ ነው» ይለኝ ነበር። «ካፖርቱ ገና ነው።»

ካፖርቱ እሱ ክሮማቶ የሚለው ነው። ብርቱካን የመሰለ ጨው ነው፤ ከአሥመራ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል። በሰፊ የሸክላ ሳህን በውሃ በጥብጦ የአሲድ ጠብታ ያክልበታል። ዚንክ የለበሰው ብረት እዚያ ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ ቀለም ይዞ ይወጣል። ያለዚያ ዚንኩ ራሱ ባንድ ክረምት ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ቀለሙ እንደ ሰዉ ምርጫ ነው። ቢጫው ወርቅ መሳይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ሮዝና አረንጓዴ ይንቦገቦጋል፤ ዝናብም ይችላል። ነጩ ያው ቢጫው ነው፤ ከሳህኑ ከወጣ በኋላ በአመድ ውሃ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቅና ብር ይመስላል። ነገር ግን ከቀለሙ ጋር ጉልበቱም አብሮ ይታጠባል። ጥቁሩ ሌላ ዱቄት ይጨመርበታል፤ የሚያዘው ኀዘን ላይ ያለ ሰው ነበር።

የሁሉንም ዓይነት ናሙና በሽቦ ሰክቶ ከዳሱ ምሰሶ አንጠልጥሎታል። ነፋስ ሲመጣ ይንሿሿል። ከትምህርት ስመለስ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ ፈተና እያረምሁ ሰው ሲመርጥ ማየት እወድ ነበር። አንዲት ሴት ለልብስ ሣጥኗ ማጠፊያ ለመምረጥ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ነጩን ታነሣለች፣ ቢጫውን ታነሣለች፣ ከነጠላዋ ጥለት ጋር ታስተያየዋለች፣ ባሏን ትጠይቃለች፣ ባሏ ያለውን ትታ ሌላውን ትወስዳለች። ጋሽ በሪሁን ሁሉንም በትዕግሥት ያስረዳል፤ «ውጭ የሚያድር ከሆነ ቢጫው፤ ቤት የሚውል ከሆነ ያሻሽን» ይላል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይከለክላል። አዲስ የወጣ ብረት እሳት አጠገብ አይደርቅም፣ እስኪጠነክርም በእጅ አይነካም። «ነፋስ ይበቃዋል። እሳት ካየ ይሰነጠቅና ካፖርቱ ወንፊት ይሆናል።»

አንዳንድ ሽማግሎች ግን፣ «የጨዋ ልጅ አሥመራ ሄዶ ቀጥቃጭ ሆኖ መጣ» ይሉ ነበር። ወሬው እትዬ አልጣሽ ጆሮ መግባቱን አውቃለሁ። ዳሱ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንኳ በወዲያኛው በኩል ዞራ ነበር የምታልፈው።

ነገሩ የተለወጠው በ1961 ጥር ላይ ነው። ቄስ አሥራተ ማርያም የሚባሉ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ካህን የቤተ ክርስቲያናቸውን በር ማጠፊያዎች አምጥተው ነበር። ቢጫ ነው የመረጡት። እንደ ልማዴ ከዳሱ ሥር ተቀምጫለሁ። ጋሽ በሪሁን አንዱን ማጠፊያ ከሳህኑ አውጥቶ አለቀለቀውና በሽቦው እንዳንጠለጠለ ወደኔ ዘረጋው።

«ማር አይመስልም?» አለኝ ደስ ብሎት።

ማጠፊያው የጠላ አተላ ነበር የሚመስለው። ጭቃ ለብሷል፤ ሲንጠባጠብ ቡናማው ልባስ አብሮት ይረግፋል። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ዓይኖቹ ማጠፊያው ላይ አልነበሩም፤ ከማጠፊያው ጎን ባዶ ቦታ ያያሉ።

እትዬ አልጣሽ በወዲያኛው በኩል እንስራ አዝላ እያለፈች ነበር። ቆመች። ማጠፊያውን አየች፣ ባሏን አየች፣ እኔን አየች። እንስራዋን ከግንቡ አስደግፋ አስቀመጠችና ወደ ዳሱ መጣች። በዚያ ግቢ በኖርሁበት ጊዜ ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር ስትገባ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያ ነው።

«ምንድን ነው የማያዩት?» አለችው።

ጋሽ በሪሁን ማጠፊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። መካድ የፈለገ ይመስለኛል፤ ከዚያ ተወው።

«ቅርጹን አያለሁ» አለ። «ሰው መሆኑን፣ ዛፍ መሆኑን አያለሁ። ቀለሙ ነው የጠፋብኝ። ካምናው ክረምት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ።»

«ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ሲሠሩ ነበር?»

«ነክሬው አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ‹የዕለት እንጀራችንን› ላይ ስደርስ አወጣዋለሁ። ግን ውሃው ሲያረጅና ሲበርድ ልኩ ይለያያል። ዓይን ነው የሚፈርደው።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን?» አለ ጋሽ በሪሁን።

እትዬ አልጣሽ ማጠፊያውን አንሥታ የረገፈውን አየች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ይታየሽ ልጄ፣ ቄሱ ሲመጡ ማክሰኞ ይመለሱ በያቸው» አለችኝ፤ እንስራዋንም አዝላ ወደ ቤት ገባች። ሥራው ከዚህ በኋላ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር ግቢ ውስጥ ነበርሁ። ጋሽ በሪሁን የተበላሸውን ልባስ አንሥቶ ማጠፊያዎቹን እንደገና ዚንክ አልብሷቸዋል። ሳህኑ ፊት ቆሞ አንዱን ሽቦ ይዞ ይመነታል። እትዬ አልጣሽ ነጠላዋን አገልድማ መጣችና ከጎኑ ቆመች።

«ይንከሩት» አለችው። «እኔ አያለሁ።»

ነከረው።

«ምን ይመስላል?»

«ምንም። ውሃ ውስጥ ያለ ብረት።»

«አሁንስ?»

«የገብስ ገለባ።»

«ይቆይ። አሁንስ?»

«የማሽላ አገዳ፣ የደረቀ።» ጎንበስ አለች። «አሁን ቅቤ። አሁን የንብ ሰም፣ አዲስ ሰም። አሁን ማር ነው፣ የደሃና አገር ማር... አውጣው! አንተ፣ አውጣው እንጂ፣ ሊጠቁር ነው!»

ጋሽ በሪሁን ብድግ አድርጎ አወጣው። ከመለቅለቂያው ውሃ ነክሮ አነሣውና፣ ውሃው እግሩ ላይ እየተንጠባጠበ እንደያዘው ቀረ።

«አንተ አልሽኝ» አለ።

እትዬ አልጣሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ሊበላሽብህ ሆነ እኮ» አለች፤ ከዚያም እንደ ተቆጣ ሰው፣ «ምን ይገትርሃል? ቀጣዩን አምጣው!» አለችው።

ቄስ አሥራተ ማርያም ማክሰኞ መጥተው ማጠፊያዎቻቸውን ሲያዩ መረቁ። ከዚያ በኋላ ዳሱ የሁለት ሰው ሆነ። የሽማግሎቹ ወሬ አልቆመም፤ ቀጥቃጩ ሚስቱንም ቀጥቃጭ አደረጋት ተባለ። እሷ ግን መስማት ያቆመች መሰለኝ። ቀለሞቹንም ራሷ ስም አወጣችላቸው። ነጩ ላይ ቶሎ ሲወጣ የሚቀረውን ሰማያዊ ጭላንጭል «የርግብ አንገት» ትለዋለች። ጥቁሩ ሳይበስል ሲወጣ «ያልተጠበሰ ኑግ» ነው። ጋሽ በሪሁን የጣልያንኛውን ስም ትቶ በሷ ስም ይጠራው ጀመር። ሰው ሲመጣ፣ «ማሩን ነው ወይስ አዲሱን ሰም?» ብሎ ሲጠይቅ ሰዉ ግራ ይጋባል።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አቶ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ የደሃና ባለ ርስት መጡ። ልጃቸውን ደብሬን ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋ የምትቀመጥበት በቅሎ ዕቃ በሙሉ በከረጢት ታዝሎ መጥቷል። እርካቡ፣ ዘለበቱ፣ ልጓሙ፣ ሁሉም ብረት ነው፤ ሁሉም ዝጓል።

«በሙሉ ቢጫ ይሁንልኝ» አሉ። «በሰቆጣ መካከል ስታልፍ ወርቅ ነው ይበሉ።»

«እርካቡና ዘለበቱ እሺ» አለ ጋሽ በሪሁን። «ልጓሙን ግን አላደርገውም።»

«ለምን? ልጓሙ እኮ ነው የሚታየው!»

«በቅሎዋ ስለምትልሰው ነው። ይህ ጨው መርዝ ነው፣ ጌታዬ። እጄን ይዩት።» ጣቶቹን ዘረጋ። ከአንጓዎቹ አጠገብ ፈንጣጣ የመሰሉ የቆዩ ጠባሳዎች ነበሩ፤ ጓንቲ ባልነበረበት ዘመን አሥመራ ላይ ጨው የበላው ነው። «በሰው ብረት ላይ ነው የምቀባው እንጂ በከብት አፍ አላስገባም።»

አቶ ገብረ ጻድቅ ተቆጡ። የእኩሌታው ወርቅ የእኩሌታው ግራጫ የሆነ ዕቃ ከሚጫን ባይጫን ይሻላል አሉ። ከረጢቱን ለመሰብሰብ ሲያጎነብሱ እትዬ አልጣሽ ልጓሙን አነሣች። እያገላበጠች አየችው።

«አቶ ገብረ ጻድቅ፣ በቅሎዋ የምትነክሰው ይህ የመካከሉ ዘንግ ብቻ ነው» አለች። «እሱ አፏ ውስጥ ነው፤ ማን ያየዋል? ሁለቱ ቀለበቶች ናቸው ከጉንጯ ውጭ የሚታዩት። ቀለበቶቹ ይፈቱና ማር ይሁኑ። ዘንጉ ቀለም ሳይነካው በአመድ ታሽቶ ይንጻ። ሲገጠም ማንም አይለየውም።» ወደ ባሏ ዞረች። «ይሆናል?»

ጋሽ በሪሁን ቀለበቱን በጣቱ ፈለገና መጋጠሚያውን ዳሰሰው። «ይፈታል» አለ። «ይሆናል።»

ሰውየው ጥቂት አጉረመረሙ፤ ከዚያ ተስማምተው ሄዱ።

ያ ሥራ ብዙ ነበር። ከትምህርት ስመለስ ሁልጊዜ ሁለቱን ሳህኑ ፊት ነበር የማገኛቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሌ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ድምፃቸው ገባ። እኔ መኖሬን አላወቁም ይሆናል፤ ወይም አውቀው ግድ አልነበራቸውም።

«እዚያ ሴት ነበረችህ?» አለች እትዬ አልጣሽ።

ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«ነበረች» አለ። «ብዙ አልቆየንም።»

«ልጅስ?»

«የለኝም። ካንቺ ከወለድሁት ሌላ የለኝም።»

እሷ፣ «ታዲያ ምን ያዘህ?» አለችው።

«በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ እል ነበር። ልጁ በሌለበት ቤት አንቺ ፊት መቆም ፈራሁ። አንድ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ደግሞ የቆየሁበት ራሱ አስፈራኝ። ዓመት ሲጨመር ፍርሃቱም አብሮ ጨመረ።»

«እኔስ በዚያው ቤት አልቆምሁም?» አለች እትዬ አልጣሽ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ጨርቁን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አልጋውን ያፈረስሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው የቆምሁት፣ በሪሁን።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አሁን ነው የነገርሁህ።»

ጋሽ በሪሁን በዝግታ፣ «አሁን ምን ይመስላል?» ሲል ሰማሁት።

«ማር ሆኗል» አለች። «አውጣው።»

ደብሬ የተዳረች ቀን የሙሽራው አጀብ በገበያው አጠገብ አለፈ። ከተማው በሙሉ ወጥቷል። ጋሽ በሪሁን ካፖርቱን ለብሶ ከሚስቱ ጎን ቆመ፤ እኔም ከኋላቸው ነበርሁ። እሷ እጁን ይዛ በጆሮው ትነግረዋለች። «አሁን እርካቡ ፀሐይ አገኘ። የሙሽራዋ ጫማ ሸፈነው። አሁን እንደገና ታየ። ልጓሙ ቀለበት ላይ ቀይ ጥለት አስረውበታል፤ ቀዩ ከማሩ ጋር ያምራል።» እሱ ራሱን ይነቀንቃል። በቅሎዋ ካለፈች በኋላም፣ ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላም፣ እንደገና ንገሪኝ አላት፤ እንደገና ነገረችው።

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ጋሽ በሪሁን ከቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ የበሩን መቀርቀሪያ በእጁ ያንቀሳቅሰው ጀመር። ዝጎ ይጮኻል።

«የሰውን ሁሉ ሠርተን የኛ እንዲህ ይጮኻል» አለ። «ዝናም ሳይገባ እንሥራው። ምን ይሁንልሽ?»

እትዬ አልጣሽ ገብስ ታበጥር ነበር። ሰፌዷን አላቆመችም። «ነጩ ይሁን» አለች።

«ነጩ?» ሳቀ። «ስንት ጊዜ ለሰው ስነግር ሰምተሻል። ውጭ ለሚያድር ቢጫው ነው። እሱ ብዙ ክረምት ይችላል። ነጩ እኮ ቢቆይ ዓመት ነው።»

«ዓመት ይበቃዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትነቅለዋለህ፤ እንደገና ትሠራዋለህ።» አሁን ሰፌዱን አስቀመጠችው። «በየዓመቱ እዚህ ሆነህ የምትሠራው ሥራ ይኑርህ።»

ጋሽ በሪሁን መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ አለው። ከዚያ በጣቱ ምስማሮቹን እየዳሰሰ ይነቅል ጀመር። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ስለነበር አላየሁትም። እሷም ማበጠሯን ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን ደጅ ያለው ክፍል ባዶ ሆነ። እትዬ አልጣሽ የገብስ ማስቀመጫ አደረገችው። ማንጠግቦሽ ለኔ ልትነግረኝ ስትሮጥ መጣች፤ እኔ ግን መኝታውን ወደ ትልቁ ቤት ሲያዞሩ አንዱን ጫፍ ያነሣሁ ሰው ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መልካም ነበሩ። የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ደሞዝ ዓይኑን አይቶ ደሴ ይሂድ ስላለ፣ እትዬ አልጣሽ በምንዋጋው መኪና ይዛው ሄደች። ሐኪሙ የዓይኑ ጅማት ውስጥ ለውስጥ መሞቱን፣ ቀድሞ ቢመጣም ኖሮ ማዳን እንደሚቸግር ነገራቸው። ሲመለሱ አዝነው የሚመጡ መስሎኝ ምሳ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። እነሱ ግን ስለ ደሴ ገበያ ሲከራከሩ ገቡ። እሷ ያየችው ሐር ወይን ጠጅ ነው ትላለች፤ እሱ ከነገርሽኝ እንደሆነ ቀይ ነው ይላል።

በ1963 ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። ሥራው ወደሷ እጅ ዞረ። ክሮማቶውን ጓንቲ አድርጋ፣ በእንጨት እያማሰለች የምትበጠብጠው እሷ ናት። እሱ ገንቦው አጠገብ ይቀመጥና ሽቦዎቹን ይዞ ያዳምጣል። ብረቱ ዚንክ ሲለብስ ቀጭን ሲሲታ አለው፤ ሲሲታው ሲወፍር፣ «በዛ፣ ሽቦውን አርቂው» ይላታል። ገበሬ ከኒሯቅ፣ ከደሃና በአህያ ጭኖ ይመጣል። በየዓመቱ ደግሞ መስቀል ካለፈ በኋላ የቤታቸው መቀርቀሪያ ይነቀላል፤ ያን ቀን የሰው ሥራ አይነካም። በሩ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ተደግፎ ይውላል። ፍየል ይገባል፣ ዶሮ ይገባል፣ ማንም አያባርርም።

ከዚያ ዝናሙ ቀረ። መጀመሪያ የበልጉ፣ ቀጥሎ የክረምቱ ሳሳ። በ1965 በዋግ ምድር የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ዘርዝሬ መጻፍ አልችልም። የኔ ክፍል ወንበሮች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ማጠፊያ የሚያሳምር፣ በቅሎ የሚሸልም ሰው ጠፋ። ብረት ይዞ የሚመጣ ካለ ሊሸጥ ነው። ንቦቹ አንድ ጧት ቀፎውን ጥለው ሄዱ። ምንዋጋው መኪናው እህል እንዲያመላልስ ስለታዘዘ ባትሪውም ጨውም መምጣቱ ቀረ።

እትዬ አልጣሽ የተረፈውን ክሮማቶ ከብት ከማይደርስበት፣ ከምንጩም ከሚርቅ ገደላማ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። ሳህኑን ሰበረችው፤ ማንም ተርቦ እህል እንዳይበላበት ብላ ነው። ገብሱን ከማንጠግቦሽ ቤትና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር በእፍኝ ተካፈሉት። እኔም ደመወዜ ሲመጣ ከቆረም የማስመጣውን ከዚያው ጋር እደባልቅ ነበር። ከጉልበታቸው ይልቅ ቀድሞ የሳሳው ሥጋቸው ነው፤ ሁለቱም ግን ቆሙ።

የዝውውር ትእዛዜ የደረሰው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። አልሄድም ብዬ ነበር። እትዬ አልጣሽ ናት የተቆጣችኝ።

«አንድ አፍ ሲቀነስ ለኛም ነው» አለችኝ። ይህን ያለችው እንድሄድላት እንጂ ስለ አፌ አለመሆኑን አውቃለሁ። አንገቴን ይዛ ሳመችኝ፤ ከዚያ በኽምጥኛ መረቀችኝ፤ ሁሉንም ባልሰማውም አሜን አልሁ።

መኪናው የሚነሣው ከገበያው ጫፍ ነበር። ሁለቱም ሊሸኙኝ ወጡ። ጋሽ በሪሁን እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ይራመዳል። እንደቆሙ ፊቱን ወደ ላይ አነሣ፤ ነፋስ ቢጤ ይነፍስ ነበር።

«ደመና አለ?» አላት።

«አለ።»

«ምን ይመስላል?»

እትዬ አልጣሽ በስተ ደሃና በኩል ያለውን ሰማይ ለረጅም ጊዜ አየች። እኔም አየሁ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ልቡን ለማረጋጋት ጠቁሯል ብትለው ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ስለ ቀለም ዋሽታው አታውቅም።

«ነጭ ነው» አለችው። «የተባዘተ ጥጥ። ውሃ የለበትም።»

ጋሽ በሪሁን ራሱን ነቀነቀ። «ነገም እንየው» አለ።

መኪናው ተነሣ። ዞሬ ሳይ ገና እዚያው ቆመው ነበር፤ እሷ ክንዷን ወደ ሰማይ ዘርግታ አንድ ነገር ትነግረዋለች፣ እሱ ጆሮውን ወደሷ አዘንብሎ ይሰማል።